ሚዛን እንዴት ይዋሻል?

አንድ ቀን ማታ ቁጥር ስናስተምር ከተማሪዎቻችን መካከል አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አሉን። «ባለፈው የገበያ ቀን ጤፌን ለአንድ ነጋዴ ባስመዝን 10 ኪሎ ነው አለኝ። በዋጋው ስላልተስማማን ያንኑ ጤፍ ሌላ ዘንድ ወስጄ ባስመዝነው 11 ኪሎ ሆነ። መንገድ ላይ አንዲት ፍሬ አልጨመርኩበትም። የፊተኛውን ሚዛን እኮ ባዶውን አይቼዋለሁ፤ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ታዲያ ባዶውን የማይዋሽ ሚዛን፣ እህል ሲገባበት እንዴት ይዋሻል?»

እኛም እርስ በርሳችን ተያየን። ስለ ጉልበትና ስለ ሚዛን በትምህርት ቤት ብዙ ሒሳብ ሠርተናል፤ ፈተናም አልፈንበታል። ነገር ግን የገበያውን ሚዛን አንድ ቀን እንኳ ጠጋ ብለን አላየነውም ነበር። «እማማ፣ ነገ ማታ እንመልስልዎታለን» ብለን ተለያየን።

በማግሥቱ አንድ ዘንግ፣ ጥቂት ገመድና ባቄላ ይዘን መጣን። ይህ ጽሑፍ ያን ማታ አብረን ያየነውን ያስረዳል። የእማማን ጥያቄ ለመመለስ ግን መጀመሪያ ጉልበት ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

1. ጉልበት ምንድን ነው?

ጉልበት ማለት መግፋት ወይም መሳብ ነው። በር ስንዘጋ እንገፋለን። ከጉድጓድ ውኃ ስናወጣ ገመዱን እንስባለን። በሬዎች ሞፈሩን ይስባሉ። እነዚህ በዓይን የሚታዩ ናቸው።

በዓይን የማይታይ ጉልበትም አለ። መሬት ማንኛውንም ነገር ወደ ራሷ ትስባለች። ከቅርንጫፉ የተበጠሰ ፍሬ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። ድንጋይ ወደ ሰማይ ብንወረውር ተመልሶ ይወድቃል። ይህም የመሬት ስበት ይባላል። የአንድ ነገር ክብደት የምንለው መሬት ያን ነገር የምትስብበትን ጉልበት ነው። አይዛክ ኒውተን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፍሬን ወደ መሬት የሚስበውና ጨረቃን በመንገዷ የሚይዛት ጉልበት አንድ ዓይነት መሆኑን አስረድቷል።

ስለ አንድ ጉልበት ስናወራ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ አለብን።

አንደኛ፣ ምን ያህል ነው? ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?

ሁለተኛ፣ ወዴት ነው? ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ? ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?

ሦስተኛ፣ የት ላይ አረፈ? ይህን ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እስቲ ቤታችሁ ስትገቡ በሩን ከማጠፊያው አጠገብ በአንድ ጣት ግፉት። በጣም ያስቸግራል። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ፣ እጀታው ባለበት በኩል ግፉት። በቀላሉ ይሄዳል። በሩ ያው በር ነው፤ ጣቱም ያው ጣት ነው። የተለወጠው ጉልበቱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው። የእማማ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው የተደበቀው። ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

2. ነገር ሲቆም፣ ነገር ሲሄድ

መሬት ላይ የተቀመጠ እንስራ እንይ። መሬት ወደ ታች ትስበዋለች። ታዲያ ለምን ወደ ታች አይሄድም? የተቀመጠበት መሬት መልሶ ወደ ላይ ስለሚደግፈው ነው። ወደ ታች የሚስበውና ወደ ላይ የሚደግፈው ጉልበት እኩል ናቸው። ስለዚህ እንስራው በቦታው ይቆማል። እንዲህ ጉልበቶች እኩል ሆነው ሲጠባበቁ ነገሩ በሚዛን ላይ ነው ይባላል። የገመድ ጉተታም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሳቡ ገመዱ ወዲህም ወዲያም አይልም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «እንግዲህ ጉልበት እኩል ከሆነ ነገሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀራል ማለት ነው።» አይደለም። ይህ ብዙ ተማሪዎችን፣ እኛንም ጭምር፣ ያሳሳተ ነገር ነው።

እርሻ ላይ ያሉትን በሬዎች እንመልከት። ከቆሙበት ሲነሡ አፈሩ ማረሻውን ከያዘበት ጉልበት አብልጠው ይስባሉ። ስለዚህ ማረሻው መሄድ ይጀምራል። በአንድ ዓይነት እርምጃ፣ ሳይፈጥኑና ሳይዘገዩ መሄድ ከጀመሩ በኋላ ግን በሬዎቹ ወደ ፊት የሚስቡት ጉልበትና አፈሩ ወደ ኋላ የሚይዘው ጉልበት እኩል ሆነዋል። እኩል ሆነው ሳለ ማረሻው ይሄዳል። ሥር ካጋጠመው ደግሞ የሚይዘው ጉልበት ስለሚበልጥ ይዘገያል ወይም ቀጥ ይላል።

ኒውተን ይህን ደንብ አድርጎ ጽፎታል። የቆመ ነገር፣ ትርፍ ጉልበት ካላነሣው በቆመበት ይቆያል። የሚሄድ ነገርም፣ ትርፍ ጉልበት ካልያዘው በዚያው አካሄዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ስንሄድ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የምንወረወረው ለዚህ ነው። ማንም አልገፋንም። መኪናው ቆመ፤ የእኛ ሰውነት ግን የነበረውን አካሄድ ሊቀጥል ፈለገ። ስለዚህ መኪና ላይ ስንሳፈር አጥብቀን እንያዝ፤ ጭነቱም በደንብ ይታሰር። ያልታሰረ ጭነት መኪናው ሲቆም አይቆምም፤ ሰው ላይ ይመጣል።

«ታዲያ በሜዳ ላይ የተንከባለለ ኳስ ለምን ይቆማል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገሮች ሲነካኩና ሲፋተጉ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ይህ የሚይዝ ጉልበት ሰበቃ ይባላል። ኳሱን ቀስ በቀስ የሚያቆመው ሣሩና መሬቱ ነው። ሰበቃ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ወዳጅም ነው። ሰበቃ ባይኖር እግራችን መሬቱን አይቆነጥጥም። ዝናብ የመታው ጭቃ ላይ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል።

3. የዘንጉና የባቄላው ፈተና

አሁን ወደዚያች ማታ እንመለስ። ርዝመቱ 4 ስንዝር የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ ወሰድን። ልክ መካከሉ ላይ በገመድ አስረን ከጣራው አግዳሚ እንጨት አንጠለጠልነው። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከገመዱ በስተግራ 2 ስንዝር፣ በስተቀኝም 2 ስንዝር ሆነ። በሁለቱም ወገን 1 ስንዝር ላይ በከሰል ምልክት አደረግን። ከዚያም ባቄላ በሲኒ እየሰፈርን፣ በእያንዳንዱ አንድ ሲኒ እየከተትን በጨርቅ ሦስት ቋጠሮ ቋጠርን።

በመጀመሪያ አንዱን ቋጠሮ በግራው ጫፍ፣ ሌላውን በቀኙ ጫፍ አንጠለጠልን። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህ ማንንም አላስደነቀም።

ቀጥሎ በቀኙ ጫፍ ሦስተኛውን ቋጠሮ ጨመርን። ቀኙ ወደ ታች ወረደ። ይህም ማንንም አላስደነቀም።

ከዚያ በኋላ በቀኝ ያሉትን ሁለቱን ቋጠሮዎች ከጫፉ አንሥተን 1 ስንዝር ላይ ወዳለው የከሰል ምልክት አስጠጋናቸው። ዘንጉ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቀጥ ብሎም ቆመ! በግራ አንድ ቋጠሮ፣ በቀኝ ሁለት ቋጠሮ፣ ሚዛኑ ግን እኩል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «እንዴ!» አለ። እማማ ተነሥተው መጡና ገመዱን፣ ቋጠሮውን፣ ምልክቱን አንድ በአንድ በእጃቸው ነኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘንግ ላይ ክብደት ብቻውን አይቆጠርም። ከማንጠልጠያው ያለው ርቀትም አብሮ ይቆጠራል። ሁለቱን ማባዛት ነው።

በግራ፦ 1 ቋጠሮ ሲባዛ በ2 ስንዝር፣ 2 ይሆናል።
በቀኝ፦ 2 ቋጠሮ ሲባዛ በ1 ስንዝር፣ 2 ይሆናል።

ሁለቱም 2 ስለሆኑ ዘንጉ ቀጥ አለ። ሩቅ የቆመ ትንሽ ክብደት፣ ቅርብ ከቆመ ትልቅ ክብደት ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ይህን ደንብ ከ2,200 ዓመት በፊት አርኪሜደስ የተባለ የግሪክ ሊቅ በጽሑፍ አስረድቶታል። ሰው ግን ከዚያ በፊትም በእጁ ይሠራበት ነበር።

ገበሬውም ይሠራበታል። ትልቅ ድንጋይ ከማሳው ሲፈነቅል ድጅኖውን ከድንጋዩ ሥር ያስገባል፤ ከድጅኖው በታች ትንሽ ድንጋይ ይደግፋል፤ ከዚያም የድጅኖውን ጫፍ ወደ ታች ይጫናል። ከድጋፉ እስከ ትልቁ ድንጋይ 1 ስንዝር፣ ከድጋፉ እስከ እጁ 5 ስንዝር ቢሆን፣ 100 ኪሎ የሚከብደውን ድንጋይ ለማንሣት 20 ኪሎ በሚያህል ጉልበት መጫን ይበቃል። ነገር ግን በነጻ የሚገኝ ነገር የለም። ድንጋዩ አንድ ጣት ከፍ እንዲል እጁ አምስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት።

4. ቀንበር፣ አህያና ቃሬዛ

ይህ ደንብ በየዕለት ሥራችን ውስጥ አለ።

ቀንበር፦ ሞፈሩ ከቀንበሩ መካከል ላይ ሲታሰር ሁለቱ በሬዎች ሸክሙን እኩል ይካፈላሉ። ወደ አንዱ በሬ ከተጠጋ ግን የቀረበው በሬ አብልጦ ይስባል። ከአንዱ አንገት እስከ ሌላው 100 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሞፈሩ ከብርቱው በሬ 45፣ ከደካማው በሬ 55 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢታሰር፣ ከ100 እጅ ሸክም ብርቱው 55 እጅ፣ ደካማው 45 እጅ ይስባል። እንግዲህ ደካማ በሬ ያለው ሰው ምራኑ ወደ ደካማው እንዳይሸሽ መጠበቅ አለበት ማለት ነው።

አህያ፦ በአህያ ጀርባ ላይ በግራ 20 ኪሎ፣ በቀኝ 30 ኪሎ ብንጭን ጭነቱ ወደ ቀኝ ይዞራል። አንዳንድ ሰው ይህን ለማስተካከል በቀላሉ ወገን 10 ኪሎ ድንጋይ ያስራል። ጭነቱ ይስተካከላል፤ አህያዋ ግን 60 ኪሎ ተሸከመች። ከከባዱ 5 ኪሎ ወደ ቀላሉ ብናዛውር በግራም 25፣ በቀኝም 25 ይሆናል። ድምሩ 50 ኪሎ ነው። ያለ ሥራ ድንጋይ መሸከም ቀረላት።

ቃሬዛ፦ በሽተኛ በቃሬዛ ስንወስድ በራስጌ በኩል ያሉት ሰዎች ቶሎ ይደክማሉ። የሰው ደረትና ራስ ከእግሩ ስለሚከብድ ነው። ስለዚህ ብርቱዎቹ በራስጌ ይሁኑ፤ በመንገድም ይቀያየሩ።

5. የገበያው ሚዛን ምሥጢር

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ ደረስን። ሁለት ሰሃን ያለው የገበያ ሚዛን ከዚያ ከዘንጋችን የተለየ አይደለም። መካከሉ ላይ ማንጠልጠያ አለው። ከማንጠልጠያው እስከ እያንዳንዱ ሰሃን ያለው ክፍል ክንድ ይባላል። ሚዛን ትክክል የሚሆነው ሁለቱ ክንዶች እኩል ሲሆኑ ነው።

አንዱ ክንድ 33፣ ሌላው 30 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ልዩነቱ ሁለት ጣት አይሞላም፤ ዓይን ቶሎ አያየውም። ረጅሙ ክንድ ባዶውን ወደ ታች እንዳይሄድና እንዳይታወቅ፣ የአጭሩ ክንድ ሰሃን ጥቂት ከበድ ይደረጋል። ስለዚህ ሚዛኑ ባዶውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። እማማ ያዩት ይህን ነው።

ነጋዴው እህል ሲገዛ የኪሎውን ብረት በረጅሙ ክንድ፣ እህሉን በአጭሩ ክንድ ያደርጋል።

ብረቱ፦ 10 ኪሎ ሲባዛ በ33፣ 330 ይሆናል።
እህሉ፦ 11 ኪሎ ሲባዛ በ30፣ 330 ይሆናል።

እኩል ናቸው፤ ሚዛኑ ቀጥ ይላል። 11 ኪሎ ጤፍ 10 ኪሎ ተባለ። በዚህ ሚዛን የ1 ኩንታል ዋጋ ለመቀበል ገበሬው 110 ኪሎ ይሰጣል። የ10 ኩንታል ዋጋ ሲቀበል ደግሞ 11 ኩንታል ሰጥቷል። አንድ ሙሉ ኩንታል እንዲሁ ሄደ። የዘር ሆኖ ማሳ ሊውል ወይም ለልጆች ቀለብ ሊሆን የሚችል እህል ነበር።

ገበሬው ጨው ሊገዛ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ጨው በረጅሙ ክንድ፣ ብረቱ በአጭሩ ክንድ ይሆናል። 10 ኪሎ ተብሎ የተሰጠው ጨው 9 ኪሎ ከጥቂት ብቻ ነው። ሲሸጥም ሲገዛም ተጎዳ።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ሁሉም ነጋዴ አታላይ አይደለም። ሚዛን ወድቆ ሊጣመም ይችላል፤ ባለቤቱ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሰውን ከመወንጀላችን በፊት ሚዛኑን እንፈትን።

6. ሚዛንን እንዴት እንፈትናለን?

ሀ. ባዶውን እንይ። ሰሃኖቹ ባዶ ሆነው ዘንጉ ቀጥ ማለት አለበት። ይህ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ለ. ቦታ እናለዋውጥ። እህሉና ብረቱ እኩል ከሆኑ በኋላ፣ እህሉን ወደ ብረቱ ሰሃን፣ ብረቱን ወደ እህሉ ሰሃን እናዛውር። ሚዛኑ ትክክለኛ ከሆነ እንደገና ቀጥ ይላል። ክንዶቹ እኩል ካልሆኑ ግን አንዱ ወገን ይወርዳል። ከላይ ባየነው ምሳሌ እህሉ 11 ሲባዛ በ33፣ 363 ይሆናል፤ ብረቱ 10 ሲባዛ በ30፣ 300 ይሆናል። የእህሉ ወገን ወረደ፤ ውሸቱ ተገለጠ።

ሐ. በአንድ ሰሃን እንመዝን። ሌላ ሚዛን ባይኖርና ያለው ሚዛን የተዛባ ቢሆንም እንኳ ትክክለኛ ክብደት ማወቅ ይቻላል። እህሉን በአንዱ ሰሃን እናድርግ። በሌላው ሰሃን ሚዛኑ ቀጥ እስኪል ድረስ አሸዋ ወይም ጠጠር እንጨምር። ከዚያ አሸዋውን ሳንነካ እህሉን እናውጣና፣ እህሉ በነበረበት በዚያው ሰሃን የኪሎ ብረት እናስገባ። ሚዛኑ እንደገና ቀጥ ሲል የብረቱ ኪሎ የእህሉ ትክክለኛ ክብደት ነው። ለምን? እህሉም ብረቱም በተራ በተራ በአንድ ክንድ ላይ ስለተመዘኑ ነው። ክንዱ አጭርም ይሁን ረጅም ለሁለቱም አንድ ነው።

መ. ብረቱንም እንይ። ከሥሩ የተቦረቦረ ወይም የተሞረደ የኪሎ ብረት እውነተኛ ኪሎ አይደለም። የአንዱን ነጋዴ ብረት ከሌላው ጋር በአንድ ሰሃን በተራ መዝኖ ማወዳደር ይቻላል።

ሠ. ባለ ሞላ ሚዛን ሲሆን፣ ምንም ሳይንጠለጠልበት መርፌው 0 ላይ መሆኑን እንይ። ከዚያም ክብደቱን የምናውቀውን ነገር አንጠልጥለን እንፈትነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እማማ ጤፋቸውን ይዘው ወደዚያው ነጋዴ ሄዱ። እኛም ተከትለናቸው ሄድን፤ አንድ ቃል ግን አልተናገርንም። ጤፉ ተመዝኖ ሚዛኑ ቀጥ ካለ በኋላ እማማ «እስቲ ብረቱን ወዲህ፣ ጤፉን ወዲያ አድርግልኝ» አሉት።

«እናቴ፣ ምን ልዩነት አለው?» አላቸው።

«ልዩነት ከሌለውማ ምን ቸገረህ?» አሉት።

በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ጠጋ ጠጋ አሉ። ነጋዴው እያጉረመረመ አለዋወጠው። የጤፉ ሰሃን ወደ ታች ወረደ። ሁሉም አየ። እማማም ጤፋቸውን መልሰው በአቁማዳቸው አደረጉና ወደ ሌላው ነጋዴ ሄዱ። ከኋላቸው የተሰለፉትም ተከተሏቸው።

በመንገድ ላይ «ለካ የዋሸኝ የሚዛኑ ክንድ ኖሯል» እያሉ ሲገረሙ፣ እኛም የራሳችንን ነገር እናስብ ነበር። ደንቡን ከዚያ በፊት በደብተራችን ጽፈነው ነበር። ለምን እንደሚጠቅም ያሳዩን ግን ፊደል ገና የቆጠሩት እማማ ናቸው። ፊደልና ቁጥር ያወቀ ሰው ማባዛት ይችላል፤ ማባዛት የቻለ ሰው ሚዛን መፈተን ይችላል፤ ሚዛን መፈተን የቻለን ሰው ማንም በቀላሉ አያታልለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጉልበት ማለት ምን ማለት ነው? ስለ አንድ ጉልበት የምንጠይቃቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. በሬዎች በአንድ ዓይነት እርምጃ ሲያርሱ የሚስቡት ጉልበትና አፈሩ የሚይዘው ጉልበት እንዴት ናቸው?
3. በዘንጉ አንድ ወገን 3 ቋጠሮ በ1 ስንዝር ላይ ቢንጠለጠል፣ በሌላው ወገን 1 ቋጠሮ በስንት ስንዝር ላይ ቢሆን ይስተካከላል?
4. ባዶውን ቀጥ ብሎ የሚቆም ሚዛን ትክክለኛ ነው ማለት ይቻላል? ለምን?
5. በሰፈራችሁ ያለውን ሚዛን በማለዋወጥ ፈትኑት። ምን አያችሁ? ለጎረቤቶቻችሁ አስረዱ።